የቴምብር ቅርጫ

በዚያ የነሐሴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ከገበያው በላይ ባለው ቅያስ፣ በእትዬ ጥሩወርቅ ሳሎን የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው፣ የሐዘን ጥቁራቸውን ለብሰው፣ በሩ ሥር ካለችው በርጩማ ላይ። መሪጌታ ላቀ፣ የቅኔ መምህሩ፣ ጥምጥማቸውን ዝናብ ነክቶት ሶፋው ጥግ ላይ። አያ ውበቱ፣ የእብናቱ እህል ነጋዴ፣ ባለ አራት ኪሱን ካኪ ኮታቸውን ሳያወልቁ ከመሪጌታ ጎን። ሠናይት፣ የሐሙሲቷ ነርስ፣ የረጠበ ሸራ ጫማዋን በር ላይ ትታ በካልሲዋ፣ መስኮቱ አጠገብ። እኔ፣ ፈንታሁን ሰዓት ሠሪው፣ በጠረጴዛውና በቁም ሣጥኑ መካከል፤ አንዴ ከገባሁ ሁሉም ካልተነሡልኝ በቀር መውጣት የማልችልበት ቦታ። ወደ መጨረሻው ላይ ለአምስት ደቂቃ የገባ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ ስሙን አልጠየቅነውም። የቤቱ ጌታ ጋሽ አያሌው በግድግዳው ላይ በፎቶግራፍ ብቻ ነበሩ። ሰማንያቸው ከወጣ ሳምንት አልሞላውም።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። ከባሕር ዳር የሰዓት ባትሪ ገዝቼ ስመለስ ሐሙሲት ላይ ግማሹ ሰው ወረደና፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አጥፋ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሠናይት ነበረች። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፤ ሣቋ ግን ያው ነው። የተነጋገርነውን በቦታው እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ያን ቀን እንደነበረ ላስቀምጠው፤ እኔ ሰዓት የምፈታ ሰው ነኝ፣ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ካልደረደርኩ መልሼ መግጠም አልችልም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሁንም ቢሆን ሽማግሌ አልባልም፤ ነገር ግን ያ ጊዜ ከዛሬው ጎን ሲቆም የአያቶቼ ዘመን ይመስለኛል። ሻይ ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር። ባሕር ዳር በአሥራ አምስት ብር ይኬዳል፤ መንገዱ ይዘጋ ይሆን፣ ስልኩ ይጠፋ ይሆን ብሎ ከቤቱ ሳይወጣ የሚውል ሰው አልነበረም። ጎረምሳው ሱሪውን ታች ሰፋ አድርጎ ያሰፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጠርዙን አጥፎ ይሮጣል። የእኔ ጠረጴዛ ከካሴት ቤቱ ጥግ ላይ ነበረች። ባለ ካሴት ቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነበር የሚያስጮኸው፤ በመጨረሻ የምጠግናቸው ሰዓቶች ሁሉ በዘፈኑ ምት የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ካሴት ቤቱ የሞባይል ካርድና መሸፈኛ ይሸጣል፤ ጠረጴዛዬ ግን እዚያው ናት፣ እኔም እዚያው ነኝ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ጽናት ይለዋል።

ቴምብር ያስጀመሩኝ ጋሽ አያሌው ናቸው። ከፖስታ ቤት መስኮት ላይ በጡረታ የተሰናበቱ፣ ቀጭን፣ ኮሌታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። የእጅ ሰዓታቸውን ሊያሠሩ መጥተው እጄን ሲያዩ ቆዩና «ይህ ወረንጦ ለሰዓት ብቻ መዋሉ ኃጢአት ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቴምብር ከፖስታ ላይ እንዴት እንደሚነሣ አሳዩኝ፦ ለብ ባለ ውኃ በቆርቆሮ ሣህን ይነከራል፣ አይጎተትም፣ ራሱ ሲለቅ ብቻ በወረንጦ ይወጣል፣ ፊቱን ደፍቶ ጋዜጣ ላይ ይደርቃል። ሲደርቅ እንዳይጠቀለል የሚጫነው እትዬ ጥሩወርቅ በርበሬ የማይፈጩበት መጅ ነበር፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ። የቀረውን ራሴን አስተማርኩ። ጋሽ አያሌው በፎቶ ኮፒ የተባዛ የእንግሊዝኛ ካታሎግ ነበራቸው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጌ ሁለት ክረምት አነበብኩት። በሰዓት ማጉያዬ የቴምብር ጠርዝ ጥርስ መቁጠር ለመድኩ።

ተሰብሳቢዎቹ አራት ነበርን፣ ከጋሽ አያሌው ጋር አምስት። መሪጌታ ላቀ መስቀልና ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ይወዳሉ። አያ ውበቱ ቀንድ ያለው እንስሳ እንጂ ሌላ አይፈልጉም፤ «ቀንድ የሌለው ነገር ዋጋው አይታወቅም» ይላሉ። ሠናይት ወፍ ትሰበስባለች። እኔ የምወደው ሥዕሉን ሳይሆን ስሕተቱን ነው፦ ቀለሙ የሸሸ፣ ጥርሱ የጎደለ፣ ጽሑፉ የተንጋደደ። ጥቂት ነው የምናገረው፤ እነሱም ለዚህ ያመሰግኑኝ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይሉኛል አያ ውበቱ፣ ትከሻዬን እየመቱ።

በጋሽ አያሌው ስብስብ ውስጥ የሁላችንንም ዓይን የሚስብ አንድ ነገር ነበር። አራት የዋልያ ቴምብር፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ ከታተሙበት ቀን ጀምሮ ሳይቀደዱ እንደተያያዙ፣ ጀርባቸው ላይ ሙጫቸው እንዳለ። ሦስቱ ቡናማ ዋልያዎች ናቸው። ከታች በግራ በኩል ያለው ግን ቡናማው ቀለም ሳይደርሰው ቀርቶ ነጣ ያለ፣ ጉም ውስጥ የቆመ የሚመስል ዋልያ ነው። ጋሽ አያሌው ሲያሳዩን ይህን ይሉ ነበር፦ «ብቻውን ብታዩት ፀሐይ የበላው ትሉታላችሁ። ከወንድሞቹ ጋር ሲያያዝ ነው እንዲህ ሆኖ መወለዱ የሚታወቅ። ምስክሮቹ እነሱ ናቸው።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጡን በሚያሳይ ስስ ወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውታል። አቧራ ሊያራግፉ የገቡትን እትዬ ጥሩወርቅን እንኳ «እጅሽን!» ይሏቸው ነበር።

ሲታመሙ ጠሩን። ስብስቡን ሽጡት፣ ዋጋውን ለጥሩወርቅ ስጡ፣ ከአራታችሁ ግን አይውጣ፤ አንዳችሁም በሌላው እንዳትቀየሙ አሉ። ከዚህ ሌላ አላሉም። የትኛው ለማን እንደሚሆን አልነገሩንም፤ ብዙ ጊዜ ስለዚህ ወቅሻቸዋለሁ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስፈራውን ሥራ ለእኛ ስለተዉት። እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸው ዘንድ ባሕር ዳር ሊገቡ ነው፤ ቤቱ የኪራይ ነው፣ ሰኞ አከራዮቹ ይረከቡታል። ባሕር ዳር ያለ አንድ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን በጅምላ ገምቶላቸው ነበር፤ እኩል እንድንከፍል ተስማምተን ከፈልን። የቀረው መከፋፈሉ ነው። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነበር። ዝናቡ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከቅያሱ የሚወርደው ጎርፍ ደጁን ሞልቶታል፤ ሳንጨርስ ልውጣ የሚል ቢኖርም መውጫ የለውም።

«ጨረታ ነዋ!» አሉ አያ ውበቱ መጀመሪያ። «የበለጠ የከፈለ ይውሰድ፣ ተጨማሪውም ለጥሩወርቅ ይሁን። ከዚህ ወዲያ ፍትሕ የት አለ?»

«አያ፣ በጨረታማ አንቱ ከነአልበሙ ከነመደርደሪያው ጭናችሁት ነው እብናት የምትገቡ» አለች ሠናይት። «የእኔ ደመወዝ ከጤፋችሁ ጋር ሊጫረት?»

«ጤፉ የእኔ መች ሆነ፣ የገበሬው ነው።»

«ትርፉን ማን ይበላዋል ታዲያ?»

መሪጌታ ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው «በዕድሜ ቢሆንስ?» አሉ። «ታላቅ ይጀምር፣ አንድ ያንሣ፤ ቀጥሎ ያለው አንድ ያንሣ፤ እንዲህ እያለ ይዙር።»

«የኔታ፣ በዕድሜ ከሆነማ ለፈንቴ ሲደርሰው የሚቀረው ባዶ ፖስታ ነው» አሉ አያ ውበቱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ሰው ሲያየኝ መናገር ይጨንቀኛል። ግን አንድ ነገር አስቤ ነበርና ተናገርኩት፦ «እንደ ቅርጫ ብናደርገውስ?»

የተደሰቱት ደስታ ዛሬም ይታየኛል። ቅርጫን የማያውቅ የለም፤ በሬ ሲጣል ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል፣ ከሁሉም ብልት ለሁሉም መደብ ይደርሳል፣ ያላየ ሰው ዕጣ ይጥላል፣ የወጣለትን ያነሣል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። «አየህ! ዝም ያለ ሰው እንዲህ ነው!» አሉ አያ ውበቱ። እኔም ሙገሳው አበረታኝና ሌላ ጨመርኩ። ዕጣ ከወጣ በኋላ መለዋወጥ አይኖርም አልኩ፤ የሚለዋወጡ ሰዎች ቀድመው ተመካክረው ነበር ያሰኛልና። መሪጌታ «ደግ ብሏል» አሉ። አራታችንም ማተባችንን ይዘን ማልን።

ድልድሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ አራት ነጭ ወረቀት ዘርግቼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ በአንድ በወረንጦ አስቀመጥኩ። ከወፉ ለሁሉም፣ ከመስቀሉ ለሁሉም፣ ከቀንዱ ለሁሉም። አራት ቴምብር ያለው ስብስብ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ አንዳንድ ይደርሳላ! «ከጉበቱም ከጨጓራውም ይድረሰን» ይላሉ አያ ውበቱ። ጋሽ አያሌው በዓመታት አንድ ላይ ያመጡትን፣ እኔ በደቂቃ በአራት ወረቀት ላይ በተንኩት። ሠናይት አንድ የወፍ ስብስብ ሲበተን ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት፣ ግን ምንም አላለችም። እኔም እጄን አላቆምኩም። ሥራዬ ጥንቅቅ ያለ ነበር፤ ከመደብ መደብ አንዲት ጥርስ እንኳ የሚያበላልጥ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የቀረው የዋልያው ነው።

ከስሱ ወረቀት አውጥቼ መሐል አስቀመጥኩት። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እንዲህ እንደተያያዘ ለአንዱ መደብ ቢሰጥ የቀሩት ሦስቱ መደቦች አብረው ቢመዘኑ አያክሉትም። ብቻውን ዕጣ ይጣልበት፣ ሦስታችን እጅ ባዶ እንሂድ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ከሁሉም በላይ አውቃለሁ፤ ካታሎጉን ሁለት ክረምት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከተቀደደ ነጩ ዋልያ ምስክር አልባ እንደሚሆን አውቃለሁ። ደግሞም እፈልገው ነበር። ስሕተት የምሰበስበው እኔ ብቻ ነኝ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። «አይቀደድ» ካልኩ ለራሱ ፈልጎ ነው ይሉኛል፤ ውሸትም አይሆንም። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። «አራት ናቸው፣ አራት ነን» ተባለ። ቅደደው ተባልኩ።

ቴምብር ሲቀደድ በጥርሱ መስመር ሁለት ጊዜ ወደፊት፣ ሁለት ጊዜ ወደኋላ ይታጠፋል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይሳባል። እንዲያ አደረግሁ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ዝናቡም ከላይ ይወርዳል፣ ሆኖም ሁላችንም ሰማነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከበርጩማቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ «እናንተ ካወቃችሁ መቼም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ዕጣ የሚጥል ያላየ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጎርፉን ፈርቶ ደጃፉ ላይ የቆመውን የባጃጅ ሹፌር ሠናይት ጠራችው። መሪጌታ የመቁጠሪያቸውን ፍሬ፣ አያ ውበቱ የመጋዘን ቁልፋቸውን፣ ሠናይት የፀጉር ማስያዣዋን፣ እኔ የሰዓት ጥርስ ሰጠነው፤ የማን የማን እንደሆነ አላየም። ገብቶ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘና «ሥጋው የታለ?» አለ።

«ይኸው፣ አራቱ መደብ» አሉ አያ ውበቱ ወረቀቶቹን እያሳዩ።

ጎንበስ ብሎ አየ። «በጨጨሆ ታቦት! ለካ ፍልሰታ ነው፣ የጾም ቅርጫ በወረቀት ሆኗል!»

መሪጌታ ሳይቀሩ ሣቅን። ከአራት ሰዓት ሙሉ ድልድል በኋላ የመጣ ሣቅ ስለሆነ ከልክ አለፈ፤ ሠናይት እንባዋን ጠረገች። ልጁ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጥሎ፣ ምርቃት ተቀብሎ ወጣ። የእኔ የሰዓት ጥርስ ያረፈው ነጩ ዋልያ ባለበት መደብ ላይ ነው።

ያን ምሽት ዝናቡ ሲያባራ ከመሪጌታ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ቁልቁል ወረድን። ደብረ ታቦር ከዝናብ በኋላ የረጠበ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ትሸታለች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ድንጋይ ላይ እየተከሉ ሄዱ። ከዚያ በድንገት ቆሙ። «ፈንቴ» አሉኝ፣ «ያን ስፌት የሌለውን እጀ ጠባብ ታስታውሳለህ? የጌታን?»

«አዎ የኔታ።»

«የሰቀሉት ወታደሮች እንኳ አልቀደዱትም። ዕጣ የጣሉት ላለመቅደድ ነው። ስንት ዓመት አስተማርኩት! ዕጣ ለማይቀደድ ነገር ነው። እኛ ቀደን ዕጣ ጣልን።»

«ነገ ሰብስበን እንደገና ብናደርገውስ?» አልኩ።

«ማልነና» አሉ። «መለዋወጥ የለም ብለህ አንተው አይደለህ ያስማልኸን?»

ከዚያ በኋላ ማንም ከማንም አልተጣላም። ጋሽ አያሌው የፈለጉት ይኸው ነበር፣ አደረግንላቸው። ግን ቅዳሜያችን ቀረ። መጀመሪያ የመኸር ሥራ ነው ተባለ፣ ከዚያ የአያ ውበቱ መኪና ተበላሸ፣ ከዚያ መሪጌታ ወደ ጋይንት ሄደው የቅኔ ጉባኤ ተከሉ። እውነቱ ይህ ነው፦ ከተሰበሰብን የየራሳችንን አልበም መግለጥ ነበረብን፤ ብንገልጥ ግማሽ ወፍ፣ ሩብ ቤተ ክርስቲያን ነው የምናየው፤ የጎደለው ደግሞ ከጎናችን በተቀመጠው ሰው እጅ አለ፣ መጠየቅም መስጠትም አይቻልም። በዚህ ከተማ ዋናው መንገድ አንድ ነው፣ ሰው ሁሉ በጠረጴዛዬ ፊት ያልፋል። አያ ውበቱ ለገበያ ሲመጡ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ቆመው የቤተሰብ ጤና ጠይቀውኝ ይሄዳሉ።

ነጩ ዋልያ እነሆ ከእኔ ጋር ነው። አሁን ዓይኔ እየደከመ ነው፣ የሴት ሰዓት ትንሿን ብሎን በማጉያም አጣታለሁ፤ ስብስቤን ለሚያውቅበት ሰው ልሰጥ ብዬ ዘንድሮ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቼ አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ሰብሳቢ ላክሁ። ከአራታችሁ አይውጣ የተባለውን ማፍረሴ ነበር፤ ሦስት ሌሊት አሳስቦኝ ነው የላክሁት። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «ፀሐይ የመታው ነው፣ ይቅርታ።» ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። ምስክሮቹን ከየት አመጣለሁ? ለውጭ ሰው ልሸጠው አልችልም፣ አያምነኝም፤ ለሦስቱ ልሰጠው አልችልም፣ አስምያለሁ። ያን የወረቀት ቁራጭ ይዤ፣ በጠረጴዛውና በቁም ሣጥኑ መካከል እስካሁን ድረስ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። ሠናይት ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ፣ ያ ዋልያ አለህ?» አለች።

«አለ።»

«የእኔም አለ። ያን ቀን ‹አትቅደደው› ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ለምን አላልሽም?»

«ብልማ ልትወስደው ነው ትሉኝ የለ? የወፍ ስብስቤን ስትበታትነው ዝም ያልኩት ለምን ይመስልሃል? አንተስ? አንተ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አንተም ዝም?»

«እኔም።»

ሣቋ ፈነዳ። ረዳቱ ዞሮ አየን። «አያ ውበቱን ክሊኒክ አግኝቻቸው ነበር፣ ስኳር ይዟቸዋል» አለች ስትጨርስ። «‹ልጄ፣ እኔም ዓይኔ እያየ አስቀደድኩት፤ ሀብታም ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ ፈርቼ› አሉኝ። የኔታ ያን ምሽት ያሉህንም ያኔውኑ ነግረኸኛል። ማንም እንዲቀደድ አልፈለገም ማለት ነው፣ አየህ? ታዲያ ‹ቅደደው› ያለው ማን ነው?»

«አያ ውበቱ ናቸዋ» አልኩ። ይህን ያህል ዓመት ቃሉ በእሳቸው ድምፅ ነው ጆሮዬ ውስጥ የኖረው።

«እኔ የኔታ ናቸው ስል ነው የኖርኩት።» መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችው። «አያ ውበቱ ግን አንተ ነህ ይላሉ። ‹ልቅደደው?› ብለህ ራስህ ጠይቀህ፣ ራስህ ‹ቅደደው› ብለህ ለራስህ መለስክ ይላሉ።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ያን ሳሎን እንደገና ፈታሁት። ማን የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ፣ የመደቦቹን ቅደም ተከተል አውቃለሁ፣ የትኛውን መስመር አስቀድሜ እንዳጠፍኩ አውቃለሁ፤ ያን አንድ ድምፅ ግን ከየትኛው ወንበር እንደመጣ አላገኘሁትም። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ የኔታ፣ አያ ውበቱ፣ ሠናይት፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ፣ የተሳሳትኩትንም አርሙልኝ። ሹፌሩ ዘግይቶ ስለገባ እሱን አልጠይቅም። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ጻፉልኝ፦ ዋልያው ጠረጴዛው መሐል ሆኖ ሁላችንም ዝም ስንል፣ «ቅደደው» ያለው ማን ነበር? ድምፁ የእኔ ከነበረም ሳትሳቀቁ ንገሩኝ።